5 ጀበና ሰርቼ 5ቱም ተበላሹ፣ ሸክላ የምታውቁ እስቲ ድረሱልኝ

ቡና በሐይቁ ዳር፦

ሰላም የሀዋሳ ልጆች እንዴት ናችሁ። እኔ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ጀበና ቡና ነው የምሰራው፣ ሁለት አመት ሊሞላኝ ነው። ችግሬ ጀበና ነው። ጡቱ ይሸረፋል፣ እጀታው ይነቀላል፣ አንዳንዱ ደሞ ከሰል ላይ እንዳለ ስሩ ቀስ ብሎ ይሰነጠቅና ቡናው እሳቱን ያጠፋልኛል፣ ሰው ቁጭ ብሎ እየጠበቀ። ባለፈው የገዛሁትማ ጥቁር የሚያብለጨልጭ ነበር ሳየው ደስ ብሎኝ ነው የገዛሁት፣ ለካ ቀለም ቀብተውት ነው፣ የመጀመሪያው ቀን ቡናው የጫማ ቀለም የጫማ ቀለም ሸተተ፣ ደምበኛዬ ስኒውን አስቀምጦ "እህቴ ዛሬ ምን ነካሽ" አለኝ፣ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ከዛ ለምን ራሴ አልሰራም አልኩ። ዩቱብ ላይ ሁለት ሶስት ቪዲዮ አየሁ፣ ሲያዩት ቀላል ነው የሚመስለው። ጎረቤቶቻችን ቤት ሊሰሩ መሰረት ቆፍረው የጣሉት ጥቁር አፈር አለ፣ ሲረጥብ እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ፣ እሱን ከሐይቁ ዳር ካመጣሁት ግራጫ አፈር ጋ ቀላቅዬ አቦካሁት። ግራጫው ውስጥ ነጫጭ ነገር አለ፣ ትልልቁን ለቀምኩት ትንንሹን ተውኩት። 5 ጀበና ወጣኝ። ቅርፃቸውን አትጠይቁኝ፣ አንዱ ዳክዬ ነው የሚመስለው።

ፀሐይ ላይ 2 ቀን አደረቅኳቸው፣ ሁለቱ እዛው ፀሐይ ላይ እያሉ አንገታቸው ጋ ተሰነጠቁ። የቀሩትን 3 ግቢ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሬ ከሰል አቀጣጥዬ እላዩ ላይ አስቀመጥኳቸውና እንጨት ደረደርኩባቸው። አስር ደቂቃ አልሞላም ጧ! አለ። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛው ጧ! እናቴ ትራንስፎርመር የፈነዳ መስሏት ነጠላዋን ጥላ ሮጣ ወጣች። ስገልጠው የአንዱ ሆድ እንደ ሳንቲም ክብ ክብ እየሆነ ተላጦ አመዱ ውስጥ ወድቋል። ሶስተኛው ግን ተረፈ! እልል ብዬ ውሃ ሞልቼ አሳደርኩት። ጠዋት ስነሳ ስሩ ጭቃ ሆኗል። እሳት ገብቶ የወጣ ነገር ተመልሶ ጭቃ ይሆናል እንዴ?

እና አፈሩ ነው? እሳቱ ነው? ወይስ እጄ ነው? የምታውቁ ፕሊስ።

አምባዛ፦

ዳክዬዋን ፎቶ ሳትለቂ እንዴት ነው የምንረዳሽ 😂 እኔ የማውቀው አሳ መጥበስ ነው፣ አሞራ ገደል አሳ ገበያው ጋ ነይና ጉዳዩን እንወያይበት

ቡና በሐይቁ ዳር፦

አንተ ደሞ። ዳክዬዋ ናት የፈነዳችው።

ጌትሽ አቶቴ፦

እህቴ ቀላል ነው፣ ትንሽ ሲሚንቶ ጨምሪበት በቃ ድንጋይ ነው የሚሆነው

ሳይት ላይ ነኝ፦

ኧረ ጌትሽ ሰው አታሳስት። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ውሃ ይዞ ነው፣ እሳት ውስጥ ስታስገባው ያንን ውሃ ይለቃል ጥንካሬውም አብሮ ይሄዳል፣ ደሞ ቡና የምታፈላበት ዕቃ እኮ ነው።

እኔ ሸክላ ሰሪ አይደለሁም፣ ኮንስትራክሽን ላይ ነኝ፣ አፈር ግን በየቀኑ የምጨቃጨቀው ነገር ስለሆነ ልበል። ያ እንደ ማስቲካ የሚለጠጠው ጥቁር አፈር ዋልካ ነው። መንገድ ስንሰራ ዋልካ ካጋጠመን ቆርጠን አውጥተን ሰሌክት (የተመረጠ ጠንካራ አፈር) ነው የምንሞላው፣ ለምን ብትይ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል ሲደርቅ ይኮማተራል፣ በበጋ መሬቱ እጅ እስኪያስገባ ሲሰነጠቅ አይተሽ የለ? ጀበናሽም ላይ ያው ነው የሆነው። ሞክሪው፣ ጭቃውን እንደ ቂጣ ጠፍጥፊና በማስመሪያ ልክ 10 ሳንቲሜትር መስመር አስምሪበት፣ ጥላ ውስጥ ሲደርቅ መልሰሽ ለኪው። 9 ከሆነ ወይ ከዛ ካነሰ ለብቻው አይሆንም።

ሁለተኛ ነጫጩ ነገር። ሀዋሳ ላይ ነጭ ነገር ሁሉ አንድ አይደለም። ብሎኬት የሚሰሩበት ፑሚስ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ብዙም አይጎዳሽም። ውሃ ላይ ጣይው፣ ከተንሳፈፈ ፑሚስ ነው። ከሰጠመ ደግሞ ኮምጣጤ ጠብ አድርጊበት፣ አረፋ አውጥቶ ከፈላ ኖራ ነው፣ ሐይቁ ዳር ደግሞ የቀንድ አውጣ ዛጎል ስብርባሪም ኖራ ነው። ኖራ ያለበት ሸክላ መጥፎነቱ ወዲያው አይነግርሽም፣ ከእሳት ደህና ወጥቶ ደስ ብሎሽ ታስቀምጪዋለሽ፣ ከዛ እየቆየ ከአየሩ እርጥበት ሲጠጣ ያብጥና እዛችው ቦታ ላይ ቁራሽ ያስወረውራል።

ሶስተኛ የፈነዳው። እሱ አፈር አይደለም ውሃ ነው። ሸክላው በእጅ ሲነካ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ውሃ አለ፣ 100 ዲግሪ ሲደርስ እንፋሎት ይሆናል፣ መውጫ ካጣ ይገፋል፣ ጧ። ጭቃ የሆነው ደግሞ በተቃራኒው ሙቀት ስላነሰው ነው። አፈር 500 ምናምን ዲግሪ አልፎ ትንሽ መቆየት አለበት፣ ያኔ ነው ውስጡ የተያያዘው ውሃ ለቆ የሚወጣውና ተመልሶ ጭቃ መሆን የማይችለው። ስለዚህ አንቺ መጀመሪያው ላይ ፈጠንሽ መጨረሻው ላይ ሳይበቃው አወጣሽው።

ቡና በሐይቁ ዳር፦

ዋው እግዜር ይስጥልኝ። አሁኑኑ ኮምጣጤ ልገዛ ነው። ግን አፈሩ ዋልካ ከሆነ ምን ልቀላቅልበት? አሸዋ?

ሳይት ላይ ነኝ፦

አሸዋ ይረዳል ግን አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ የሚባለው 573 ዲግሪ ላይ ድንገት ያብጣል ሲበርድ ደሞ ድንገት ይመለሳል፣ ሸካራ አሸዋ ካበዛሽ እሱም ራሱ ያሰነጥቅሻል። እዚህ ላይ ሸክላ ሰሪዎቹ የሚያደርጉትን እነሱው ቢነግሩሽ ይሻላል።

የሸክላ ልጅ፦

ኮሜንቱን ሁሉ አነበብኩት። ዝም ልል ነበር ግን አልቻልኩም 😊

እናቴም አያቴም ሸክላ ሰሪ ናቸው፣ ከሀዋሳ ወጣ ብሎ ነው ቤታችን፣ ሃዲቾ ነን። ሲዳማ ውስጥ ያደገ ሰው ይሄ ቃል ምን እንደሚሸከም ያውቃል፣ ለሌላው ባጭሩ፣ ሸክላ የምንሰራ ስለሆንን ድሮ ሰው አብሮን አይበላም አይጋባንም ነበር። የሰራነው ድስት ግን እያንዳንዱ ቤት ውስጥ ጉልቻ ላይ ነው ያለው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ በ2008 (በፈረንጅ 2015) ዩኔስኮ ሲመዘገብ ሁላችንም ደስ ብሎናል፣ የበዓሉ ምግብ ቡርሳሜው የሚቀርብበትን ሻፌታ (የሸክላ ገበታ) ማን እንደሚሰራው ግን የጠየቀ ጋዜጠኛ አላየሁም። ይሄን አንዴ ተናግሬዋለሁ፣ አሁን ወደ ጀበናሽ።

ኢንጂነሩ የተናገረው ልክ ነው፣ እናቴ ዲግሪ ምናምን አትልም እንጂ የምታደርገው ያው እሱን ነው። አሸዋ ሳይሆን ገል ነው የምትጨምረው። የተሰበረ ጀበና፣ የተሰበረ ምጣድ፣ አትጥይው። በሙቀጫ ይወቀጣል በወንፊት ይነፋል፣ ገል አንዴ እሳት የበላ ስለሆነ ሁለተኛ አይኮማተርም፣ ጭቃው ሲኮማተር እሱ ይዞ ያቆመዋል፣ እንፋሎቱም በሱ ስር ስር መንገድ አግኝቶ ይወጣል። በኛ ቤት ለጀበና 3 ጣሳ አፈር ከሆነ 1 ጣሳ ገል ነው፣ እሳት ላይ ለሚውል ድስት ትንሽ ይበዛል። እናቴ በጣሳም አትለካም፣ በጥርሷ ነው። ትንሽ ጭቃ አፏ ውስጥ ከታ ስታኝከው "ገና ነው" ትላለች ወይ ትተፋውና ዝም ትላለች፣ ዝም ካለች ሆኗል ማለት ነው።

አፈሩም ቢሆን ዛሬ አምጥቶ ዛሬ አይሰራም። ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ከዛ ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ ከዛ ይቦካል፣ ከዛ ደሞ ተሸፍኖ ያድራል። ሲያድር ሽታው ይቀየራል፣ ስትጎትቺውም አይበጠስም። አንቺ ስንት ቀን አቆየሽው? እንደምገምተው ምንም።

አንገቱ ጋ የተሰነጠቀው አውቀዋለሁ። ሆዱን ሰርተሽ ተውሽው፣ ሻይ ምናምን ጠጣሽ፣ ተመልሰሽ መጥተሽ እርጥብ አንገት ለጠፍሽበት አይደል? ሆዱ ኮማተር ብሎ ጨርሷል፣ አንገቱ ገና ሊጀምር ነው፣ ሁለቱ ሲጓተቱ መገናኛው ይለቃል። ሆዱ አንገት እንዲሸከም ጠንከር ማለት አለበት፣ ግን ጥፍርሽን ስትጫኚበት ምልክት የሚቀበል መሆን አለበት። ጫፉን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለሽ ካቆየሽው አይደርቅብሽም። ከመለጠፍሽ በፊት ሁለቱንም ጫጭሪያቸውና ቀጭን ጭቃ ቀቢያቸው፣ ከውስጥም ከውጭም በጣት እየጎተትሽ አዋህጂያቸው። ጡቱም እጀታውም እንደዛው። የምትሸጪበት ጀበና እጀታው የሚነቀለው እኮ ሰሪዋ ስለቸኮለች ነው።

ከዛ በቅል ስብርባሪ ትፍቂዋለሽ፣ ጠንከር ሲል በለስላሳ የወንዝ ጠጠር ታሽዋለሽ፣ እስኪያብለጨልጭ። ያ ማብለጭለጭ የሚመጣው በቀለም ሳይሆን በክንድ ነው፣ የኛ ቤት ሴቶች ሁሉ ቀኝ ትከሻቸውን ያማቸዋል።

ማድረቂያው ጥላ ነው። ቤት ውስጥ፣ ንፋስ የማይገባበት። ሳምንት፣ ዝናብ ካለ ሁለት ሳምንት። ጉንጭሽ ላይ አስነኪው፣ ከቀዘቀዘሽ ውሃ አለው።

እሳቱ ላይ ደሞ ሶስት ነገር ነው። መጀመሪያ ዕቃው እሳት ውስጥ አይገባም፣ እሳቱ ዳር ተቀምጦ እያገላበጡት ይሞቃል፣ እጅሽ መያዝ እስኪያቅተው። ከዛ ስሩ ኩበትና ጭድ ይነጠፋል፣ ዕቃው ይደረደራል፣ እላዩ እንጨትና ኩበት ተከምሮ ከዳር ነው የሚለኮሰው፣ ቀስ ብሎ እንዲገባ። ምልክቱ ምን መሰለሽ፣ መጀመሪያ ጭሱ ያጠቁረዋል፣ ጥቀርሻ ይለብሳል፣ እሱን አይተሽ በቃ በስሏል ብለሽ እንዳታወጪው። እሳቱ ሲበረታ ያ ጥቀርሻ ራሱ ይቃጠልና ዕቃው ተመልሶ ይነጣል ከዛ ፍም ይመስላል። ያኔ ነው የበሰለው። ጭቃ የሆነብሽ ጥቁር እያለ ነው ያወጣሽው፣ ማይ ዎርድ። ጥቁር ጀበና ከፈለግሽ እንደገና ነው የሚጠቁረው፣ ትኩስ እንዳለ በእንጨት አውጥተሽ ገለባ ውስጥ ቀብረሽ ታፍኚዋለሽ፣ ጭሱን ይጠጣዋል። በጫማ ቀለም አይደለም!

ስትጨርሺ በጣትሽ አንጓ ኳ ኳ አድርጊው። እንደ ቃጭል ከጮኸ ጤነኛ ነው፣ ዱብ ዱብ ካለ የሆነ ቦታ ተሰንጥቋል።

ጌትሽ አቶቴ፦

ኦኬ ሲሚንቶውን አንስቻለሁ 🙏 እህት ግን አፈሩን ከየት ነው የምታመጡት? ሎኬሽን ላኪልን ሁላችንም እንሞክር

የሸክላ ልጅ፦

አልልክም። አትቀየመኝ ወንድሜ። ጉድጓዱ የሰው ማሳ ላይ ነው፣ ለባለቤቱ እየከፈልን ነው የምንቆፍረው፣ በኬሻ ተሸክመን ነው የምናወጣው። እዚህ ከፃፍኩት ነገ ገልባጭ መኪና ነው የሚቆመው። የሚማር ሰው ካለ እናቴ ጋ ይምጣ፣ አፈሩንም ከሷ ይግዛ።

ፒያሳ ልጅ፦

ይሄማ ምቀኝነት ነው፣ እውቀት አይደበቅም እኮ

የሸክላ ልጅ፦

እውቀቱንማ ከላይ ዘርግፌዋለሁ እኮ አንብበው። የደበቅኩት ጉድጓዱን ነው።

አምባዛ፦

እኔም አሳው የት እንደሚበዛ ለማንም አልናገርም፣ ልክ ናት

አዳማ ምጣድ፦

ከአዳማ ነኝ በመሀል ገባሁ ይቅርታ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው የምገጥመው፣ ሸክላውን ከእናቶች እገዛለሁ ቦይ አውጥቼ ሽቦውን እጠመጥማለሁ። እህታችን የተናገረችው ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ንፋስ። አዳማን ታውቋታላችሁ የንፋስ ተርባይን የተከሉብን በነፃ አይደለም 😂 ንፋስ ባለበት ቀን እሳት ከተለኮሰ አንዱ ጎን ይግላል ሌላው ጎን ይበርዳል፣ በተለይ ምጣድ ሰፊ ስለሆነ ወዲያው ለሁለት ነው የሚለው። እኔ የምገዛባቸው እናት ከሰዓት በኋላ በፍፁም አይለኩሱም፣ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስተው ነው። ሀዋሳም ከሰዓት ከሐይቁ የሚነሳ ነገር አለ አይደል? ጠዋት አድርጊው። ደሞ የማታጠቁሪው ከሆነ ካበሰልሽ በኋላ አመዱ ውስጥ እንዳለ ይደር፣ ጓጉተሽ አታውጪው፣ ስንት ምጣድ ነው ከእሳት ደህና ወጥቶ አየር ሲያገኘው ጠሽ ብሎ የቀረው።

እማማ ሞኖፖል፦

ልጆች ጎበዞች ናችሁ ተባረኩ። እኔ የምጨምረው ማሟሸቱን ነው፣ ዘንድሮ ልጆች ገዝተው ዝም ብለው ቡና ይጥዱበታል ከዛ አፈር አፈር አለ ብለው ሸክላ ሰሪዋን ይረግማሉ። ምጣድ በጎመን ዘር ነው፣ ተወቅጦ ምጣዱ ሲግል በጨርቅ ይታሻል፣ ጥቁር ሆኖ እስኪለሰልስ ደጋግመሽ። ጀበና ደግሞ የቡና አተላ ከውሃ ጋ አፍይበት ድፊው እንደገና አፍይበት፣ ሶስት አራቴ። ድስት ከሆነ ቀጭን የዱቄት ሙቅ አፍልተሽ አሳድሪበት፣ ቀዳዳውን ይደፍነዋል አያንጠባጥብም። ደሞ የኔ ልጅ የጋለ ጀበና ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትጨምሪ፣ ስሩ የሚሰነጠቅብሽ ለሱ ሊሆን ይችላል እኮ፣ ሰሪዋን አትውቀሺ።

ቡና በሐይቁ ዳር፦

እማማ ጉዴን አወቁብኝ 🙈 ወረፋ ሲበዛ እንደዛ ነው የማደርገው።

ቡና በሐይቁ ዳር፦

ሰላም፣ ተመለስኩ። ሶስት ሳምንት ጠፋሁ አይደል።

መጀመሪያ ኮምጣጤው። ነጫጩን በትልቅ ጣሳ ውሃ ውስጥ ጨመርኩት፣ ገሚሱ ተንሳፈፈ፣ ገሚሱ ሰጠመ። የሰጠመው ላይ ኮምጣጤ ሳደርግበት እንደ አምቦ ውሃ ፈላ። በደምብ ሳየው ቀንድ አውጣ ነው፣ አንዷማ ሳትሰበር ጥምዝምዟ ሁሉ ይታያል የምስር ፍሬ ታክላለች። የሐይቁን አፈር ደፋሁት።

ከዛ የሸክላ ልጅን በውስጥ መስመር አግኝቻት እናቷ ጋ ወሰደችኝ። አንድ ኪሎ ቡናና ስኳር ይዤ ሄድኩ። እሳቸው ሲዳምኛ ነው የሚያወሩት እኔ ሰላምታውን ብቻ ነው የምችለው፣ ልጅየዋ እያስተረጎመች። የተረፈችውን ጀበናዬን ይዤላቸው ሄጄ ነበር (ስሯ የቀለጠው)። ተቀብለው በጣታቸው ኳ ኳ አደረጓት፣ ጆሯቸው ጋ አስጠጓት፣ ከዛ ለልጃቸው የሆነ ነገር አሏትና ሁለቱም ሳቁ። ምን አሉ ስላት "ዳቦ ነው ጀበና ነው ብላ ነው የጠየቀችሽ" አለችኝ። ከዛ እዛው በድንጋይ ሰበሯትና ውሃ ውስጥ ጣሏት፣ ትንሽ ቆይተው ሲያነሷት ጥፍጥፍ ጭቃ። ያልበሰለ አፈር ስለሆነ ነው ተመልሶ ጭቃ የሆነው።

ልስራ ልስራ ብል ማን አሰርቶኝ። የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ ገል ነው ያስወቀጡኝ። እጄ ውሃ ቋጠረ። ሁለተኛ ቀን ስሄድ ወንፊት ሰጡኝ። ሶስተኛው ቀን ላይ ነው ጭቃ የነካሁት፣ እሱንም ጀበና አይደለም፣ ማቶት (የጀበና መቀመጫ)። "መቀመጫውን ሳታውቂ ተቀማጩን አትሰሪም" ነው ያሉት ልጅየዋ እንደተረጎመችልኝ። 4 ማቶት ሰራሁ፣ አንዷን ጠማማ ናት ብለው መልሰው አቦኳት። እሳቱ የእሳቸው ስለነበር ሶስቱም ደህና ወጡ። ጥቀርሻው ሲቃጠልና ዕቃው ሲነጣ በአይኔ አየሁት፣ ጎህ ሲቀድ ነበር፣ ከስር ጀምሮ ወደ ላይ ነው የሚነጣው፣ ልክ ቡና ሲቆላ ሽፋኑ እንደሚለቅ።

ለአፈሩም ለውሎውም ከፍዬአለሁ፣ ሂሳቡ እሳቸውና እኔ ጋ ይቅር። ጀበና ደግሞ አሁን አንድ ሰርቻለሁ፣ አንገቷን እሳቸው ናቸው ያቃኑልኝ። ቁምሳጥን ላይ ጥላ ውስጥ ናት ዛሬ 9ኛ ቀኗ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ጉንጬ ላይ አስነካታለሁ፣ ዛሬም ቀዝቅዛኛለች።

ሳይት ላይ ነኝ፦

በጣም ጥሩ! ዋልካውን ግን ምን አደረግሽው?

ቡና በሐይቁ ዳር፦

እናቴ አበባ ተክላበታለች፣ እሱም ተሰነጠቀ።

አምባዛ፦

ማቶቷ ስንት ናት? የኔ ጀበና ጣሳ ላይ ነው የሚቀመጠው

ቡና በሐይቁ ዳር፦

ነገ ጠዋት ቡና ልትጠጣ ና፣ ሁለት ነው የቀረኝ።